የአስለቃሿ አንገት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሰው ፊት ማየት አልለመድኩም። ዓይኔ አሁንም ቀጥ ብሎ የሚያርፈው አንገት ላይ ነው። በቀደም ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ከፊቴ የቆመች ሴት አንገት ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ሴትዮዋ ሐብሏን በመዳፏ ሸፈነችና «ምነው እቴ፣ ወርቅ አይተሽ አታውቂም?» አለችኝ። «ወርቁን ተይው፣ ወርቁ የተኛበትን ነው የማየው» ብላት ጭራሽ ባሰባት። ሽንኩርቴን መርጬ ሳልጨርስ ሸሸሁ።

አስካለ እባላለሁ። የሠራሁት በመጀመሪያ ነርስ፣ ኋላ ደግሞ በራጅና በአልትራሳውንድ የምትመረምር ባለሙያ ሆኜ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተሰበረ አጥንትም፣ መንታ ጽንስም፣ የኩላሊት ጠጠርም አይቻለሁ። አሁን ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን ከጉሮሮ በታች ስለምትገኝ፣ ከሰው አውራ ጣት እምብዛም ስለማትበልጥ አንዲት ዕጢ ነው። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል። ስታብጥ እኛ እንቅርት እንላታለን። እንቅልፍን፣ የልብ ምትን፣ ሙቀትን፣ ውፍረትን፣ እርግዝናን ሳይቀር የምታዝ ይህቺ ቁራሽ ሥጋ መሆኗን በተማርኩ ጊዜ የተገረምኩት መገረም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሥራ የጀመርኩት ሮቢት ጤና ጣቢያ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአንድ ጥንድ ጫማ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልልም። አለቃችን ቁጣቸው ከመድኃኒታቸው የሚበዛ ሰው ነበሩ። ወባ አገሩን ባጥለቀለቀበት አንድ ክረምት ያለችን አንዲት ማይክሮስኮፕ ተሰበረች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው ብዬ ብቀልድ ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በዚያ ዘመን አንገቷ ያበጠ ሴት ከደጋ ወርዳ ስትመጣ «አዮዲን ያለው ጨው ግዢ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ ጨምሪው» እልና ቀጣዩን እጠራ ነበር። እሷም ቅር አይላትም። እብጠቱን እንደ ሽበት ቆጥራ የምትኖር ብዙ ነበረች።

ዓይኔን የገለጡልኝ ጋሽ ይማም ናቸው። ጎብዬ ስዛወር ያገኘኋቸው ጤና መኮንን ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንግግራቸው ዝምታቸው የሚበዛ። ጠዋት ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው ፔርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ ያስመጣሉ። ለሻይ መስሎኝ ብርጭቆ ባቀርብላቸው ሳቁብኝ። ውሃው ለጣታቸው ነበር። አንገት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሙቁ ውሃ ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ፣ በጉንጫቸው ሙቀቱን ይለኩታል። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው አንገት ይኮማተራል። የተኮማተረ አንገት ደግሞ እውነቱን አይነግርሽም» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ከበሽተኛዋ ጀርባ ይቆማሉ፣ ሁለቱን እጃቸውን አንገቷ ላይ ያሳርፋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውሃ በብርጭቆ ይሰጣትና ስትታዘዝ ትውጣለች። ዕጢዋ ከአየር ቧንቧው ጋር የታሰረች ስለሆነች ሰው ሲውጥ አብራ ወደ ላይ ብቅ ትልና ተመልሳ ትወርዳለች። «ከውሃው ጋር የምትንቀሳቀሰው ብዙም አታስፈራም» ይላሉ ጋሽ ይማም። «እንደ ድንጋይ ደርቃ፣ ውሃው ሲዋጥ አልነሳም የምትል እብጠት ካገኘሽ ግን ያኔ አንቺ ተነሺ።» ቀጥለው በአንገቷ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ሥር እስከ ትከሻ አጥንት ድረስ ንፍፊት ይፈልጋሉ። አንድም ስንዝር አይዘሉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የመጨረሻው ነበር። «በይ እስቲ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን ዘመድ የሚፈላልጉ መስሎኝ ነበር። ሴቲቱ ግን ደስ ይላታል፤ በእኛ አገር ዘሩን መቁጠር የማይወድ ማን አለ? የአባቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ስም እየጠራች ትወርዳለች፣ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚሰሙ ጠየቅኋቸው።

«ስሙን አይደለም ልጄ፣ ድምፁን ነው» አሉኝ። «ከዕጢዋ ጀርባ ወደ ድምፅ የሚሄድ ክር የመሰለ ነርቭ አለ። ክፉ እብጠት ያንን ክር ሲይዘው ድምፅ ይሻክራል። ስሟን ብቻ ብጠይቃት በአንድ ትንፋሽ ብላው ትጨርሳለች። ሰባት ቤት ስትቆጥር ግን ድምፁ መደበቂያ ያጣል። አራተኛው አያት ላይ ሲሰነጠቅ እሰማዋለሁ፣ ወላሂ።»

እውነታቸውን ነበር። አንዲት የጎብዬ ቅመም ነጋዴ አምስተኛው ስም ላይ ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲል ሰምቼዋለሁ። ደሴ ተልካ ካንሰር ተገኘባት፣ በጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ዳነች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እጄን እያየሁ ነው የሄድኩት። የሰው ልጅ በሁለት ጣትና በአንድ ጆሮ ይህን ያህል ሊያውቅ ይችላል እንዴ እያልኩ ነበር።

ጋሽ ይማም በምርመራ ክፍላቸው የከለከሉት አንድ ቃል ነበር፤ «ምንም አይደለም» የሚለው። ከብዙ እብጠት ጥቂቱ ብቻ ካንሰር እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቢሆንም መርምረው ሳይጨርሱ ያንን ቃል ከአፋቸው አያወጡም፣ እኛም ስንል ከሰሙ ይቆጣሉ። እኔ ያኔ ነገር ማክረር ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ራዲዮግራፊ ተምሬ ቆቦ ሆስፒታል ተመደብኩ። አልትራሳውንድ ማሽኑ ከሳጥኑ የወጣበትን ቀን አልረሳውም። የሚሠራው ለእርግዝና ብቻ የመሰላቸው አዋላጆች ቀድመው ተሰልፈው ነበር። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ በሩን ዘጋሁና ጄሉን የራሴ አንገት ላይ ቀባሁ። በእጅ የሚያዘውን ፕሮብ ሳስጠጋው የራሴ ዕጢ ስክሪኑ ላይ ወጣች። አየር ቧንቧዬን ከሁለት በኩል አቅፋ ተቀምጣለች፣ በግራም በቀኝም ትላልቆቹ ደም ሥሮች ዱብ ዱብ ይላሉ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስዞር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አላወቅሁትም። «ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራኸው!» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በመስኮት ታየኝ ነበርና አመሻሹ ላይ ለሁሉም አወራችብኝ።

ማሽኑ እጅ የማይደርስበትን ያሳያል። እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያወጣ እብጠት ደግ ነው፣ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ውሃ ብቻ የቋጠረውም እንዲሁ። የሚያሰጋው ጠቆር ያለው፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀው፣ ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጠው፣ ውስጡ ጥቁር አፈር ላይ እንደተበተነ ጤፍ ነጫጭ ነጥብ ያለበት ነው። እንዲህ ያለውን ስናይ ደሴ እንልካለን፤ እዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ትልቅነት ብቻውን ክፋት አይደለም። ብርቱካን የሚያህለው ምንም ሳያደርግ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ባቄላ የማታህለው ሰው ትገድላለች። ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ፤ ያጠፋሁትም በዚሁ በማስተምረው ነው።

እትዬ አበቡ የሮቢት አካባቢ ሰው ናት። አስለቃሽ ነበረች። በዚያ ሁሉ ቀበሌ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላክባት እሷ ናት፤ ቆማ ሙሾ ካላወረደች ልቅሶው ልቅሶ አይባልም ነበር። እኔም በሮቢት ዘመኔ ሰምቻታለሁ። ድምፅዋ ሲነሳ ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ያቀረቅሩ ነበር።

ወደ እኔ ክፍል ስትመጣ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላ እስከ አገጭዋ ተጠቅልላ ነበር። ወንድሟ እንደሞተ ሰምቻለሁ። ድምፅዋ ሻክሯል። «አንገቴ ላይ የሆነ ነገር አለ ሲስተር፣ ስውጥ ይይዘኛል» አለችኝ። እኔ ግን ጥቁሩን ልብስ አይቼ፣ ሻካራውን ድምፅ ሰምቼ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። አስለቃሽ ወንድሟን ቀብራ ድምፅዋ ቢዘጋ ምን ይገርማል? ስንቱን አልቅሳ ድምፅዋ ሲዘጋ አይቼ የለም?

ሰባት ቤት አላስቆጠርኳትም። ሐዘንተኛን የአባቷን ስም ጥሪ ማለት ቁስሏን መነካካት መሰለኝ፤ የአባቷ ስም የወንድሟም አባት ስም ነው። ነጠላውንም ሙሉ በሙሉ አላስወለቅኋትም፣ ዝቅ ብቻ አድርጌ ከፊት ከፊት አየሁ። በቀኝ በኩል የሎሚ ያህል እብጠት ነበር፣ ውሃ የቋጠረ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ደግ እብጠት። ያንን እብጠት ሳገኝ ደስ አለኝና ፍለጋዬን አቆምኩ። በግራ በኩል በስተጀርባ፣ ከአየር ቧንቧው ጥግ የተለጠፈችውን ትንሿን አላየኋትም። አንገቷንም ከጎን አላሰስኩም። ሐኪሙ የሚፈርምበትን ወረቀት ጻፍኩ፣ እሱም አምኖኝ ፈረመ።

«ምንም አይደለም እትዬ አበቡ» አልኳት። «አብሽሪ፣ ለቅሶው ነው የጎዳሽ። ሞቅ ያለ ነገር ጠጪ፣ ድምፅሽን አሳርፊ።»

መርቃኝ ወጣች።

በስምንተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቶ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷል፣ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል፣ ከግራ ጆሮዋ በታች ሦስት የደረቁ ንፍፊቶች ተደርድረዋል። ፕሮቡን ሳሳርፍ ጥቁሯ፣ የተቦጫጨቀችው፣ ጤፍ የተበተነባት እብጠት ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ተቀምጣ አየኋት። መጀመሪያ በመጣች ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ያኔ ጠየቅሁ።

«ድምፅሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ወንድሜ ሳይሞት ነው እንጂ የጀመረኝ» አለች በትንፋሽዋ። «ለሱ እንኳ አላለቀስኩለትም። የሰውን ሁሉ አልቅሼ የወንድሜን ሌላ ሰው ነው ያለቀሰልኝ።»

ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ሰጠሁ፤ እሱም ወደ ደሴ መላኪያ ጻፈላት።

በማግስቱ ጎብዬ ሄድኩ። ጋሽ ይማም ጡረታ ወጥተው ቲማቲም ያለሙ ነበር። ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ያጽናኑኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይህን ጥፋት ለምን ለኔ አመጣሽው?» አሉኝ። «የኔ አይደለም። ባለቤት አለው። ውሰጂና ለባለቤቱ ስጪ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«የሆነውን ነዋ። ሌላ ምን አለሽ?» ብለው ወደ ቲማቲማቸው ዞሩ።

በዚያው ሰሞን እትዬ አበቡ ደሴ አልሄድም ማለቷን ሰማሁ። ባጃጅ ይዤ ሮቢት፣ ከዚያም በእግሬ ቤቷ ደረስኩ። ማሽላ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ «ይሄ በሽታ ብረት ከነካው ይሰራጫል፤ ስንቱን አይተናል። በቤቷ ትረፍ» አሉ። እትዬ አበቡ ወደ እኔ ዞረች።

«ምንም አይደለም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ?» አለች። «አሁን ደግሞ ሂጂ ተቀደጂ ትይኛለሽ። የትኛውን ልመን?»

ያኔ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፅሽን የሐዘን ነው ብዬ ሳልጠይቅሽ አለፍኩ፣ ነጠላሽን አላስወለቅኩም፣ አንዷን ሳገኝ ሌላዋን መፈለግ ተውኩ፣ ስምንት ወር የበላሁብሽ እኔ ነኝ አልኳት። አንድ ወጣት ዘመዷ ተነስቶ ሊሰድበኝ ሲል በእጇ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አሁንስ በደንብ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም። የዓመት ፈቃዴን ሞላሁና ደሴ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። መርፌው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ዕጢዋ በሙሉ ወጣች፣ ንፍፊቶቹም ተለቀሙ። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ነርቩ በእብጠቱ ውስጥ ተውጦ ስላገኘው ሊያተርፈው እንዳልቻለ ነገረኝ። ነፍሷ ተረፈች፣ በየጠዋቱ አንዲት ኪኒን እየዋጠች ትኖራለች። ድምፅዋ ግን እዚያው ቀረ። ቀድማ ብትላክ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን አውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት ትዘጋለች ብዬ ነበር። እትዬ አበቡ መቼ የዋዛ ሰው ሆነችና! ከዓመት በኋላ ሮቢት ልቅሶ ሄጄ ያየሁትን ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይወርረኛል። የሞቱት የታወቁ ገበሬ ነበሩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ እትዬ አበቡ ከልጇ ከብርቄ ጀርባ ቆማ፣ እጇን በልጇ አንገት ላይ አሳርፋ፣ አፏን ከጆሮዋ ገጥማ በሹክሹክታ ግጥም ትሰጣታለች። ብርቄ ተቀብላ በእናቷ በዚያ በጥንቱ ድምፅ ታወርደዋለች፦

ማሽላው ጎመራ ወፍ ጠባቂ አጣ፣
ማማው ባዶ ቀረ ጌታው ላይመጣ።

ወንዶቹ አቀረቀሩ። ግጥሙ ከአንዷ ወጥቶ በሌላዋ ሲሰማ አንድ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ከሟቹ ዘመዶች በላይ አለቀስኩ፤ ሰው «ለካ ዘመዳቸው ናት» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሴቶች ያለ ምንም ወረቀት ከሮቢትም፣ ከጎብዬም፣ ከቆላው ቀበሌዎችም ወደ ክፍሌ መምጣት ጀመሩ። ምን ልርዳሽ ስላቸው «እትዬ አበቡ ልካኝ ነው» ይላሉ። ለካስ በልቅሶም በሠርግም አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ሁሉ አንገቷን ትዳስሳለች፣ ውሃ ታስውጣለች፣ የደረቀ ካገኘች «ወደ አስካለ ሂጂ፣ ነጠላዬን አስወልቂኝ በያት» ብላ ትልካለች። አሥሩ መጥተው ዘጠኙ ደህና ይሆናሉ፣ አሥረኛዋን ደሴ እልካለሁ። አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ ወሬውን ሰምተው «ጉሮሮዬ ላይ የወጣውን እይልኝ» ብለው መጡ። «አያ፣ ይሄማ ማንቁርትዎ ነው፣ አብሮዎት የተፈጠረ» ብላቸው «እስከ ዛሬ የት ነበር ታዲያ?» ብለው ተከራከሩኝ። ያጠፋሁባት ሴት ከማናችንም በላይ ሠራተኛ ሆና ከፊቴ ቆመች። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ እትዬ አበቡ ራሷ መጣች። ብርቄን በእጇ ይዛ ነበር።

«የዚችን እይልኝ» አለች በትንፋሽዋ። «ግጥም ስሰጣት እጄ አገኘው። ትንሽ ናት። ግን ደርቃለች።»

ብርቄ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፣ ተጫዋች፣ ምላሷ የሰላ። «እማ የሰው አንገት ሁሉ እብጠት ይመስላታል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እጄን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ ነጠላዋን አስወለቅሁ፣ ከጀርባዋ ቆምኩ፣ ውሃ አስዋጥኳት፣ ሰባት ቤት አስቆጠርኳት። ድምፅዋ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። በማሽኑ አንገቷን ስንዝር በስንዝር ሄድኩበት። ባቄላ የማታህል፣ ጥቁር፣ ጠርዟ የተቦጫጨቀ፣ ውስጧ ጤፍ የተበተነባት እብጠት በግራ በኩል ነበረች፤ እናትየው ድምፅዋን ያጣችበት ጎን። ንፍፊት የለም። ያየሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩና ደሴ ላክኋቸው። መርፌውን ተወግታ የመጣው ውጤት ካንሰር ነው የሚል ነበር።

ውጤቱን ሐኪሙ ካነበበላቸው በኋላ ሁለቱም ወደ እኔ ክፍል መጡ። ብርቄ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል።

«ሲስተር፣ ካንሰሩን ተይው» አለችኝ። «ተቆርጦ ይውጣ፣ ገባኝ። ድምፄስ? እንደ እማ እሆናለሁ?»

እትዬ አበቡ ከጀርባዋ ቆማለች። የእሷም ድምፅ ያ ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ዝም ካለች እናቲቱም ሁለተኛ ዝም ትላለች። ሁለቱም አፌን ያያሉ። አብሽሪ ልላት ፈለግሁ። እብጠቷ ትንሽ ናት፣ ነርቩን አልነካችም፣ ተስፋው ብዙ ነው፣ ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት። ግን የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም።

«አላውቅም ብርቄ» አልኳት። «ማወቅ የሚቻለው ሲከፈት ነው። ቃል ልገባልሽ አልችልም። ብትቆዪ ግን እንደሚብስ አውቃለሁ።»

እትዬ አበቡ ወደ እኔ ተጠጋች፣ እጄን ያዘችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«ያን ጊዜ ይቺን አላውቅም ብትይኝ ኖሮ» አለችኝ፤ «ሌላ ቦታ ሄጄ እጠይቅ ነበር።»

በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የወቀሰችኝ። ልክ ነበረች። እጄን ግን አልለቀቀችም፣ እንደያዘችኝ ልጇን አየቻትና «ተነሺ፣ እንሄዳለን» አለቻት።

ብርቄ ደሴ ለቀዶ ጥገና በተኛችበት ሰሞን የጡረታ ወረቀቴ ደረሰ። ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ጋቢ ተሰጠኝ፣ ንግግር ተደረገ፤ አንዱንም በወጉ አልሰማሁም። ደሴ ስደውል የምታነሳው ነርስ «ደህና ናት፣ አትናገር ተብላለች» ብቻ ትለኛለች። ደህና ናት የሚለውን ቃል እንደ እኔ የሚጠራጠር ሰው የለም። የብርቄ ስልክ ዝግ ነው። እናቷ ብትደውልም ሹክሹክታዋ በስልክ አይሰማም። ዛሬ ይወጣሉ የተባለ ቀን፣ የምጠብቅበት ክፍል ስላልነበረኝ ቆቦ መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ።

ሦስት ሚኒባስ አለፈ። አራተኛው ሲገባ ሰው ስለበዛ ማን እንደወረደ አላየሁም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ መወርወር ጀመረ። አንድ ካርቶን መሬት ላይ ፈነዳና እንቁላል መሆኑ ታወቀ። ያኔ ከመኪናው ማዶ ድምፅ ተነሳ።

«አንተ ደንቆሮ! ለሲስተር ብዬ ከደሴ ድረስ ጭኔ ላይ ታቅፌው የመጣሁትን፣ ሮቢት ስንደርስ ጣሪያው ላይ ካልጫንኩ ብለህ ቀምተህ እዚህ ታፈነዳዋለህ? ና ውረድ! ውረድ ብያለሁ!»

መናኸሪያው ሙሉ ዞረ። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ጥሩምባቸውን አቆሙ። አንገቷ ላይ ነጭ ፋሻ የታሰረላት ሴት በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ፣ አገር በሚያውቀው በዚያ ድምፅ ረዳቱን እስከ ሰባት ትውልዱ ታወርድበታለች። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ቀረ፣ መውረድ ፈርቶ። ከጀርባዋ እትዬ አበቡ መኪናውን ተደግፋ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። የምታለቅስ መስሎኝ ሮጥኩ። ስደርስ ስትስቅ ነው ያገኘኋት። እኔንም ስታየኝ በጣቷ ወደ ልጇ ጠቆመችኝ፣ ስሚ እንጂ እንደማለት፤ እኔም ከእንቁላሉ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።